ቀጥ በይ ያልነው የእንሰት መፋቂያ

የመስቀል ሰሞን የወልቂጤ መነኸሪያ መፈናፈኛ የለውም። ዘንድሮም የእህቴን ልጅ ልቀበል ሄጄ ጥላ ፈልጌ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ደልደል ያለ ጎልማሳ ወደ እምድብር በሚሄደው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የታጠፈ ብረት ሲያስጭን አየሁት። ከአዲስ አበባ እንደመጣ ጫማው ይናገራል። ጠጋ አልኩና «ምንድን ነው እሱ የኔ ልጅ?» አልኩት። «ቀጥ በይ ይባላል እማማ። ለእናቴ ነው፤ እንሰት መፋቂያ ነው» አለኝ። ያላወቅኩ መስዬው እንዲወርድ አዘዘና በመሬት ላይ ዘርግቶ ያስረዳኝ ጀመር። «ድሮ እናቶች መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ነበር የሚታገሉት። አሁን እንዲህ ቆሞ፣ ይሄን በእግር ረገጥ፣ ይሄን በእጅ ሳብ ነው።» መርገጫውን በማይሆነው እግር ነበር የረገጠው፤ አላረምኩትም። «ጎበዝ፣ መጀመሪያ ማን ሠራው?» ስለው ትንሽ አሰበና «ቻይና መሰለኝ» አለ።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለባለቤቴ ለተክሌ ነገርኩት። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ «ምን ታደርጊዋለሽ ብርቄ፣ ቻይናም እናት አላት» ብሎ ፊቱን ወደ ፀሐይዋ መለሰ። እሱ ቢተወውም እኔ መተው አልሆነልኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዘመን አንድ በአንድ እየመጣ ደጄን ያንኳኳል።

የዛሬዋ ወልቂጤ ፎቅ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ባጃጁ ከሰው ሳይበዛ አይቀርም። ያኔ ግን ወልቂጤ ማለት የጅማ መንገድ ነበረች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ረድፍ የቆርቆሮ ቤት፣ ከኋላው ባሕር ዛፍና እንሰት፣ አለቀ። የጅማው አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ከተማዋ ትነቃለች፤ ሲነሳ ደግሞ አቧራው እስኪያርፍ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንጠብቃለን። ሻይ በስሙኒ፣ ቦንቦሊኖ በስሙኒ ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ሰው እንደ ሰው ቁጭ ብሎ መንገደኛ ያያል። ከመንገዱ ማዶ የካሴት ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ ጠዋት አንድ ዘፈን ከከፈተ እስኪዘጋ ድረስ ያንኑ ነው፤ ሳትወዱት ትሸመድዱታላችሁ። እኔም ከአንድ ቢጫ የቴትረን ቀሚሴና ከናይለን ሻሼ ጋር ከሴት ሁሉ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር። የተክሌ ብየዳ ቤት ከካሴቱ ሱቅ ጀርባ ስለነበረ እሱም በር ሲበይድ በዘፈኑ ምት ነው የሚበይደው፤ ዛሬም ያንን ዜማ በሆነ አጋጣሚ ስሰማ የብረት ሽታ ነው አፍንጫዬን የሚመታኝ።

ተክሌ የመንዝ ሰው ነው። በመንገድ ሥራ መጥቶ፣ መንገዱ ሲያልቅ እሱ ቀረ። በርና መስኮት፣ አልጋና የሱቅ መደርደሪያ ይሠራል። ስንጋባ ቆጮ አይበላም ነበር፤ እኔም የሱን አማርኛ አልችልም ነበር። ቀስ በቀስ እሱ ቆጮ ለመደ፤ የኔ ጉራጊኛ ያለበት አማርኛ ግን እስከ ዛሬ ያስቀዋል። እናቴ የቸሃ ጉራጌ ናት፤ ከእምድብር ወርደው የእግር መንገድ ነው ቤቷ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትዳር ይዤ ከተማ ብገባም፣ በእንሰት ወራት ሥራ ልረዳት እሄድ ነበር።

እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ ለማያውቅ ልንገር። ግንዱ እንደ ሽንኩርት ሽፋን በሽፋን ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ተሰንጥቆ፣ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይዘረጋል። ሴቲቱ መሬት ላይ ትቀመጥና አንድ እግሯን ወደ ላይ አንስታ በተረከዟ ሽፋኑን ከሳንቃው ጋር ቀስፋ ትይዛለች። ከዚያ በሁለት እጇ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች፤ ሥጋው ይወርዳል፣ ጭረቱ ቃጫ ሆኖ ይቀራል። የወረደው ተጨምቆ ቡላው ይወጣል፣ የቀረው ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል። እግር እንደተሰቀለ፣ ወገብ እንደታጠፈ፣ ቀኑ ይመሻል። ቀሚስም እንደልብ ስለማይሰበሰብ ሥራው በጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል ነው የሚሠራው፤ ወንድ በዚያ አያልፍም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በጓሮ በኩል መምጣት ግድ ከሆነበት ከሩቅ ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ ቸሃ አገር ተወልዶ፣ ቆጮ በልቶ አድጎ፣ ሸምግሎ የሚሞት ወንድ ያ የበላው ነገር እንዴት እንደተሠራ ሳያይ ሊሞት ይችላል።

አንድ የጥቅምት ወር ነው። የእለቱን መፋቅ ጨርሰን እኔ ተነሳሁ፤ እናቴ አልተነሳችም። «አዶት፣ ተነሺ እንጂ» አልኳት፤ እኛ ዘንድ እናታችንን እንዲህ ነው የምንጠራው። «እነሳለሁ፤ ወገቤ እስኪፈቅድልኝ ነው» አለችኝ፣ እንደ ቀልድ። ጠበቅኩ። ወገቧ አልፈቀደም። በብብቷ ገብቼ አነሳኋት፤ ከቆመች በኋላም ቀና አላለችም። መሬት መሬቱን እያየች፣ እንደ ማጭድ ጎብጣ ወደ ቤት ገባች። የባሰ ያቃጠለኝ ማንም አለመደንገጡ ነው። ጎረቤቶቿ «ነገ ይለቃታል» አሉና የራሳቸውን ወገብ ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ወደ ወልቂጤ ስመለስ ከመኪናው መስኮት የማየው የሱቅ በር ሁሉ የተክሌ እጅ ነበር። ሲከፈት ይታጠፋል፣ ሲዘጋ ይዘረጋል። ለበር ማጠፊያ የሚሠራ ሰው ባሌ ሆኖ ሳለ የእናቴ ወገብ ተጣጥፎ ይቅር? እንዲህ እያልኩ ነው የገባሁት።

«ተክሌ፣ ማሽን ሥራልኝ» አልኩት ቁጭ ሳልል።

«የምን ማሽን?»

«የእንሰት መፋቂያ። ሴት ቆማ የምትፍቅበት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሲፋቅ አይቼ እንኳ አላውቅም! እናትሽ ጓሮ ብቅ ብል ሽማግሌ ነው የሚጠራብኝ።»

«ጓሮ አትሄድም። እኔ እዚሁ አሳይሃለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብየዳ ቤቱን ከውስጥ ቆለፍን። የተክሌን ቱታ አጠለቅኩ፤ ሁለቴ ብጠቀልለውም እግሩ ይጎተታል። አንድ ላሜራ ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ካርቶን ቀድጄ እንደ ሽፋኑ ዘረጋሁና መሬት ተቀምጬ እግሬን ሰቀልኩ። ተክሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ መፋቄን ቀጠልኩ። ሲያየኝ ቆየና ሳቁ አለቀ። «እስቲ ተነሺ» ብሎ በቦታዬ ተቀመጠ፤ እግሩን ሰቀለ፣ ጎንበስ ብሎ መሳብ ጀመረ። ብዙም አልቆየ፣ ጭኑን ይዞ ቀና አለ።

«ይሄን ነው ቀኑን ሙሉ?»

«ሰሞኑን ሙሉ ነው።»

ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ከኪሱ ሜትሩን አውጥቶ ከመሬት እስከ ወገቤ ለካኝ።

የመጀመሪያው ሥራ ሁለመናው ብረት ነበር። ተክሌ የሚያምነው ብረት ብቻ ነው። ሳንቃውም ላሜራ፣ መፋቂያውም የተሳለ ብረት። «ቀርከሃው ያልቃል፤ ይሄ ግን የልጅ ልጅሽ ይፍቅበታል» አለኝ። በጭነት መኪና እምድብር አደረስነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀጭን መንገድ ጎልማሶች በአጠና ተሸክመውት እየተፈራረቁ፣ እንደ ታመመ ሰው ነው የወሰዱት። የእናቴ ጎረቤቶች በሙሉ ጓሮ ተሰበሰቡ። ተክሌ ከወንዶቹ ጋር ቤት ቀረ።

ቆሜ ረገጥኩ፣ ሳብኩ። ፈጣን ነው! ሴቶቹ «ኧረ!» አሉ። ቀጥሎ ግን ቃጫው ተቆራርጦ እንደ ተላጨ ጸጉር እጄ ላይ ቀረ። የወረደውም ሥጋ ብረቱ ላይ ትንሽ እንደቆየ ይጠቁር ጀመር፤ ዓይናችን እያየ አመድ መሰለ። እናቴ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችና «ልጄ፣ ይሄ ቆጮ ማን ሞቶበት ነው?» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ቤት ስገባ ተክሌ ከወንዶቹ መሃል ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። ሳቁን ሰምቶ የደስታ መስሎት ኖሯል። ያንን ፊቱን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ከተማ ስንገባ ወሬው ቀድሞናል። ሻይ ቤት ሲቀመጥ «ፋብሪካው እንዴት ነው?» ይሉታል። ብረት ሊገዛ ሲሄድ «ለበር ነው ወይስ ለእንሰት?» ይሉታል። እኔም ገበያ ስወጣ «የተክሌ ፋብሪካ» ተብያለሁ። እሱ እልኸኛ አይደለም፤ ሊተወው ነበር። እልኸኛዋ እኔ ነኝ። በገበያው ቀን ያንን የተቆራረጠ ቃጫ በፌስታል ቋጥሬ ወደ ከድጃ ሄድኩ። ከድጃ ቡታጅራ አጠገብ ካለችው ከእንሴኖ ናት፤ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ ቃጫ እየሰበሰበች ለገመድ ሠሪዎች የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ገበያውን የሚሞላ፣ ጥቁር ሻርፕ ከራሷ የማይለይ። በእጇ ፈተል አደረገችው፣ ብጥስ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው? ወላሂ ይሄን ገመድ ብዬ ብሸጠው ፍየሉ ይዞት ይጠፋል!»

ሁሉን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ኮስተር አለች። «የኔም እናት ጎብጣ ነው የሞተችው» አለች። «ስሚ ብርቅነሽ፣ ረጅምና ነጭ ቃጫ የሚያወጣ ነገር ከሠራችሁ እኔው ራሴ አወራላችኋለሁ። አላህ ያግዛችሁ። ግን ይሄን ለማንም አታሳዪ።»

ቤት ገብቼ ተክሌን «ብረቱ አጥንት ይሁን፤ እንሰቱን የሚነካው ግን እንጨትና ቀርከሃ ይሁን» አልኩት። አንገራገረ። ሦስት ነገር ላይ ተጣላን፤ ሦስቱንም እንደገና ሠራን። ሳንቃው ዋንዛ ሆነ። መፋቂያው ቀርከሃ ሆነ፤ ሲያልቅ ማንም ሴት ከጓሮዋ ቆርጣ የምትቀይረው። በተረከዝ ፈንታ ሽፋኑን የሚይዝ መቆንጠጫ፣ ከሥሩ መርገጫ፣ ሲለቁት የሚመልሰው ከአሮጌ መኪና የወጣ ሞላ። ሸክሙ ደግሞ ነገር ነበር። ጎልማሶች የሚፈራረቁበትን ነገር ማን ይገዛል? በመጨረሻ ተክሌ የሚያውቀውን አደረገ፤ በማጠፊያ አጠፈው። እንደ በር ተከፈተ፣ እንደ በር ተዘጋ፣ አንድ ሰው ጀርባ ላይ ወጣ።

ሁለተኛውን ጊዜ ማንንም አልጠራንም። እናቴና አንዲት ጎረቤቷ ብቻ ነበሩ። እናቴ ተጠራጥራ ቆመች፣ ረገጠች፣ ሳበች። ሥጋው ነጭ ሆኖ ወረደ፣ ቃጫው ከላይ እስከ ታች ሳይበጠስ ተንዠረገገ። ከልማዷ የተነሳ ግን እንደቆመችም ትጎነበሳለች። ጎረቤቷ «አንቺ፣ ቀጥ በይ! ማን ጎንበሽ አለሽ?» ብላ ጮኸችባት። እናቴ ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ሙሉ ቀና አላለችም፣ የቻለችውን ያህል። «እግሬ ሥራ ፈታ እኮ፤ ምን ላድርገው?» አለችና እንደ ልጃገረድ ሳቀች። ስሙ የወጣው በዚያች ሰዓት ነው።

ነገሩ ከዚህ በኋላ የቀለለ መስሎን ነበር። ዛሬ ልጆች ስለ ንግድ ሲያወሩ ስሰማ ዋናው ሐሳቡ ነው ይላሉ። ሐሳብማ በአንዲት እሑድ፣ በአንድ ቱታ ተገኘ። ከባዱ ሰው እጅ ማስገባቱ ነበር። ተክሌ ያለንን ብረት በሙሉ በቀጥ በይ ላይ አዋለው፣ የበር ሥራ መቀበል ተወ፣ የተሠሩትን ከብየዳ ቤቱ ፊት አሰለፍናቸው። ወንዶች እየመጡ ያዩና «ለምን ይሆናል?» ይላሉ። ስንነግራቸው «ሴቶቹ መቼ ደከመን አሉ?» ብለው ያልፋሉ። ሴቶች እየመጡ ይነካካሉ፣ ይረግጣሉ፣ ዓይናቸው ይበራል። ከዚያ «ባለቤቴ ቢያውቅ» ብለው ይሄዳሉ። የሚደክመው ሌላ፣ ኪሱ የሌላ። ክረምቱ እንዲህ ገባ። ዝናቡ ሲመታቸው በላስቲክ ሸፈንናቸው፤ ሻጋታ ዋንዛው ላይ ወጣ፣ ዝገት ማጠፊያው ላይ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ነጋዴ ለሱቁ የመስኮት ፍርግርግ አዘዘን። ብረት የለንም። ተክሌ ምንም ሳይለኝ መጋዙን አንስቶ አንዱን ቀጥ በይ መቁረጥ ጀመረ። ከገበያ ስመለስ የማሽኑ እግር ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል። ዘንቢሌን ወርውሬ በሚቀጥለው ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ ብርቄ።»

«አልነሳም።»

«ልጆቻችን ምን ይብሉ? ማንም አልፈለገው፤ ደህና አድርገን ሞከርነው፣ በቃ።»

«ማንም አልፈለገው አትበል። የፈለገው መግዛት አልቻለም፣ የቻለው አላየውም። እስከ መስቀል ጠብቀኝ። መስቀል ካለፈ ከፈለግህ ሁሉንም መስኮት አድርገው፤ እኔው ራሴ እይዝልሃለሁ።»

«በመስቀል ምን አለ?»

«ልጆቻቸው ይመጣሉ።»

ተክሌ እንግዳ ስለነበረ ወዲያው አልገባውም። ጉራጌ በመስቀል አገሩ ይገባል። መርካቶ ቡቲክ ያለውም፣ ጫማ የሚጠርገውም፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ እናቱ ዘንድ ይሄዳል። ያኔ የሚይዙት ብርድ ልብስ ነበር፣ ነጠላ፣ ጃንጥላ፣ ስኳር በከረጢት፣ አንዳንዱ ባትሪ የሚበላ ራዲዮ። ሁሉም መነኸሪያው ላይ መኪና ለመቀየር ይወርዳል። የእናቱን ድካም የማያውቅ፣ እናቱን ግን የሚወድ፣ ኪሱም የሞላ ሰው በአንድ ቀን እንደዚያ ተሰብስቦ ሌላ የት ይገኛል? ለተክሌ ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ቆሞ የሚታይ ብረት ማንንም አያስገዛም፤ ሲፋቅበት መታየት አለበት። በወንድ ፊት እንሰት የፋቀች ሴት ደግሞ እኔ በማውቀው አገር የለችም።

ከእናቴ ጓሮ እንሰት አስቆርጬ አስመጣሁ። በመስቀል ዋዜማ ያንን ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ፣ መነኸሪያው በር ላይ አንዱን ዘረጋሁት። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ገብቶ ሰው መውረድ ሲጀምር አንድ ሽፋን አነሳሁ። ተክሌ በኋላዬ ቆሟል። «ይቅርብሽ፣ ነገ የት ትገቢያለሽ?» አለኝ በሹክሹክታ። ሽፋኑን ቆነጠጥኩና ረገጥኩ። ሳብኩ።

መጀመሪያ የመኪና ረዳቶቹ አፏጩ። ቀጥሎ ሰው መክበብ ጀመረ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያፍራል፣ የሄደ ግን የለም። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሰውን በከዘራቸው ገፍተው ገቡ።

«ነውር ነው! አንቺ ሴት፣ የማን ልጅ ነሽ? ይሄ የጓሮ ሥራ አይደለም እንዴ?»

እጄን አላቆምኩም። ካቆምኩ እንደማልመለስበት አውቄዋለሁ። «የጓሮ የሆነው እግራችንን ስለምንሰቅል ነው አባቴ» አልኳቸው። «ይኸው እግሬ መሬት ላይ ነው፣ ቀሚሴም በቦታው ነው። ነውሩ የቱ ጋ ነው?»

ሽማግሌው እግሬን አዩ፣ ሳንቃውን አዩ። «እህ» ብለው ከዘራቸው ላይ ተደገፉ፤ ግን አልሄዱም። ያኔ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ትልቅ ሰው፣ ብርድ ልብስ በክንዱ እንደታቀፈ፣ ከፊቴ መጥቶ ቆመ። ከንግግሩ ቸሃ ነው።

«እውነት ድሮ እግር እየተሰቀለ ነው የሚፋቀው?»

«አላየህም?»

«የት አይቼ?» አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። «እናቴ ባለፈው ዓመት ስመጣ ልትስመኝ ቀና ማለት አቅቷት እኔ ነኝ ወደሷ የወረድኩት። እርጅና ነው ብዬ ሄድኩ። የበላሁት ሁሉ በዚያ ወገብ ነው ለካ!» ብርድ ልብሱን ለጓደኛው አስያዘና «እስቲ እኔ ልሞክረው» ብሎ ኮቱን አወለቀ። ወንድ ልጅ፣ በመስቀል ዋዜማ፣ በመነኸሪያው መሃል እንሰት ፋቀ። ሳቁ እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ፤ የሳቀው ሁሉ ግን ይገፋፋ ጀመር፣ «እኔ ልይ፣ እኔ ልርገጥ» እያለ። ያ ሰው ስንት ነው አላለም። «እጠፈውና ጣሪያ ላይ ጫንልኝ» ነው ያለው። ከሱ በኋላ ሌላው ከነወንድሙ፣ ከዚያ ሌላው። ተክሌ አጥፎ ማስረከብ አቅቶት ረዳቶቹ ራሳቸው ያጥፉ ጀመር፤ ጠዋት ያፏጩብኝ እነሱው «ቀጥ በይ! ለእናት ቀጥ በይ!» እያሉ ይጠሩልኛል። ከሰዓት በኋላ የቀረን ያ እግሩ የተቆረጠው ብቻ ነበር። ተክሌ እሱንም እንደገና በየደው፤ የእናቴ ሆነ።

እናቴ ወገቧ አልዳነም፤ ልዋሽ አልችልም። የጎበጠው ጎብጦ ቀረ። ግን እስክትሞት ድረስ የራሷን እንሰት ራሷ ፍቃ ነው የኖረችው። ከዚያ ወዲህ ማንም እጇን ይዞ ከመሬት አንስቷት አያውቅም። ጓሮውም ተለወጠ። መጀመሪያ ወንዶች ማጠፊያው ሲጠብቅ ዘይት ሊቀቡ በሚል ሰበብ ብቅ አሉ፤ ዛሬ ባልና ሚስት ተጋግዘው ሲፍቁ ብታይ አትደነቅም። ሌሎች በያጆችም ተማሩት። ተክሌ አንድ ሰሞን «ሥራዬን ወሰዱት» ብሎ ሊጣላ ወደ አንዱ ሄዶ ነበር። ሲመለስ «መርገጫውን ከኔ አሻሽሎታል» አለና ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም እንደሱ ሠራን። አሁን እንደምሰማው ሞተር የገጠሙለትም አሉ። ይሁን።

ከድጃ ግን ቃሏን ጠበቀች። የመስቀሉን ወሬ ሰምታ መጣችና «የኛስ እናቶች? መስቀል ከሌላቸው ዐረፋ የላቸውም?» አለችን። የመስቃንና የስልጤ ልጆች ደግሞ ለዐረፋ ነው አገር የሚገቡት። ተክሌና እኔ የጉራጌን ተራራ ዞረን፣ በዚያ አጥንት በሚያላቅቅ መንገድ፣ ቀጥ በያችንን ጭነን ቡታጅራ ወረድን። የከድጃ ሱቅ ደጅ ላይ አሰለፍን፤ እሷ ትጣራለች፣ እኔ እፍቃለሁ። ልጆቹ ስጦታ መሆኑ እንዲታወቅላቸው ፈለጉ፤ ስለዚህ ተክሌ ብሩሽ ይዞ ተቀመጠና ዋንዛው ላይ የእናታቸውን ስም በነጭ ቀለም ይጽፍላቸው ጀመር። ፋጡማ፣ ሙሉነሽ፣ ራሕማ፣ ኑሪያ። «እናትዬዋ ማን ልበል?» ይላል ቀና ሳይል፤ ይነግሩታል፣ ይጽፋል። የጻፈው ስም ሁሉ እናት ነበር፤ የገዛው ሁሉ ልጅ።

ዐረፋው ካለፈ በኋላ እንሴኖ ገበያ የተረፉንን ይዘን ወጣን። የገበያው ሰው ሊበተን ሲል አንዲት ሴት መጣች፤ የኔ እኩያ ትሆናለች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በቡላ ነጭ ሆኗል። ሁለት ጎረቤቶቿ ተከትለዋታል፤ ዕቁቡ ደርሷት ነው፣ ብሩ ለሌላ ሳይውል ዓይናቸው እያየ ሊያስገዟት ነው የመጡት። አንዱን ዘረጋች፣ ረገጠች፣ መቆንጠጫውን ጎተት አድርጋ አየች፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው ነው የመረመረችው። «ይሄን» አለች። ተክሌ እንደ ልማዱ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ «አሰላሙ አለይኩም፣ እናትዬዋ ማን ልበል?» አላት።

«የምን እናት?»

«የምትወስጂላት እናትሽ። ስሟን እንድጽፍልሽ።»

«እናቴማ ሞታለች፣ አላህ ይማራት» አለች። «ዘሃራ በል። እኔ ነኝ።»

ተክሌ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ጎንበስ ብሎ ጻፈው፤ ፊደሎቹን ከሌሎቹ ሁሉ ተለቅ አድርጎ። ቀለሙ እስኪደርቅ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች፣ ስሟን በጣቷ ሳትነካ ከሩቅ እያየች። ሲደርቅ ተክሌ አጥፎ ሊያሸክማት ሲነሳ በእጇ ከለከለችው። ገበያው ዳር በቅሎውን ይዞ ወደቆመው ባሏ ዞረችና በእንሴኖ ሰው ፊት ተጣራች።

«አንተ፣ ና ተሸከምልኝ!»

መጣ። አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገው። እሷ በቅሎውን ስባ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሄዱ።